ዲሚትሪ ቸርኖቭ እና ከእሳት የወጣ ብረት

አንድ ጋራዥ ወይም የጥገና ክፍል ተቃጥሎ፣ ጭሱ ሰክኖ ፍርስራሹ መነሣት ሲጀምር፣ ኃላፊው ዘንድ ቀድሞ የሚቀርበው ጥያቄ ምንጊዜም አንድ ነው። መዶሻው፣ መሮው፣ ሞረዱ፣ መፍቻው፣ ሞርሳው፣ በመደርደሪያ ላይ የነበረው ሞላና ከግድግዳው ሥር የተከመረው ባሌስትራ ሁሉ ጠቁሮና ቅርፊት አብቅሎ ከዐመዱ ውስጥ ይለቀማል። ቅርጹ እንዳለ ነው፤ አልቀለጠም፣ አልተሰበረም። ይህ ሁሉ ዕቃ ይጣል ወይስ ተጠርጎና ዘይት ተቀብቶ ወደ ሥራ ይመለስ? ሒሳብ ክፍሉ ይመለስ ይላል፤ የደኅንነት ኃላፊው ይጣል ይላል፤ የቆየው መካኒክ ደግሞ አንዱን መሮ አንሥቶ በሞረድ ይሞክርና ምንም ሳይናገር ራሱን ይነቀንቃል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የምንሰጥበትን ዕውቀት ያስገኘልን ሰው ስለ ተቃጠለ መሣሪያ አይደለም የተጨነቀው። የተጨነቀው ስለሚፈነዳ መድፍ ነበር። ስሙ ዲሚትሪ ኮንስታንቲኖቪች ቸርኖቭ ይባላል። ከማኅበራችን አባላት መካከል በሶቪየት ኅብረት የተማሩት፣ እንዲሁም በ1963 በሶቪየት ርዳታ በተቋቋመው በባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ከሩሲያውያን መምህራን ዘንድ የብረት ሥራን የቀሰሙት ስሙን ሳይሰሙ አይቀሩም። በእንግሊዝኛ መጻሕፍት የተማርነው ግን የሥራውን ፍሬ ይዘን ስሙን ሳናውቅ የኖርን እንበዛለን። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቸርኖቭ በኖቬምበር 1 ቀን 1839 በሴንት ፒተርስበርግ ከአንድ የሐኪም ረዳት ቤተ ሰብ ተወለደ። በዚያው ከተማ ከነበረው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ትምህርቱን በ1858 ከፈጸመ በኋላ ለጥቂት ጊዜ በሳንቲም ማተሚያ ቤት በመካኒክነት ሠራ። ቀጥሎም ወደ ተማረበት ኢንስቲትዩት ተመልሶ ሒሳብ ያስተምርና የመጻሕፍትና የናሙና ክፍሉን ሥራ ያግዝ ነበር። በዚሁ ጊዜ በዩኒቨርሲቲው የሚሰጠውን የሒሳብና የፊዚክስ ትምህርት እየሄደ ያዳምጥ እንደ ነበር ይታወቃል። ስለ ወጣትነቱ ከዚህ በላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የሕይወቱ ፍሬ ነገር የሚጀምረው በ1866 የኦቡኾቭ የዐረብ ብረት ፋብሪካ በመዶሻ ክፍሉ መሐንዲስ አድርጎ በቀጠረው ጊዜ ነው።

ፋብሪካው በ1863 የተቋቋመ ሲሆን ዋና ሥራው መድፍ ነበር። ዘመኑ የነሐስና የቀለጠ ብረት መድፍ በዐረብ ብረት መድፍ የሚተካበት ዘመን ስለ ነበረ፣ የጀርመኑ የክሩፕ ፋብሪካ ስም ገንኖ ሌሎች መንግሥታትም በየራሳቸው አገር ለመሥራት ይጣጣሩ ነበር። በኦቡኾቭ ፋብሪካ ግን አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ተከሠተ። በተመሳሳይ አቀላለጥ የተዘጋጁ፣ በአንድ የእንፋሎት መዶሻ የተቀጠቀጡ፣ የኬሚካል ምርመራ ልዩነት የማያገኝባቸው ሁለት መድፎች ወደ መሞከሪያው ሜዳ ይሄዳሉ። አንደኛው ብዙ ጊዜ ተተኩሶ ምንም አይሆንም፤ ሁለተኛው ገና በመጀመሪያዎቹ ተኩሶች ይፈነዳል። የፈነዳ መድፍ ለፋብሪካው ኪሳራ ነው፤ አጠገቡ ለሚቆመው ተኳሽ ግን ሞት ነው። የፋብሪካው ህልውናም አጠያያቂ እስከ መሆን ደርሶ ነበር።

ከእርሱ በፊት ላቭሮቭና ካላኩትስኪ የተባሉ ሁለት የመድፈኛ መኰንኖች ይህንኑ ጉዳይ መርምረው ጽፈውበት ነበር። ቸርኖቭ የእነርሱን ጽሑፍ ይዞ ወደ ስብርባሪው ሄደ። ስብራቱን አገላብጦ ሲመለከት፣ የፈነዱት መድፎች ውስጣቸው እንደ ጨው ፍሬ ጎላ ጎላ ብሎ የሚታይ ቅንጣት አለው፤ የጸኑት ግን ቅንጣታቸው ደቃቅ ነው። እስከዚህ ድረስ ሌላም ሰው ሊያየው የሚችል ነበር። የቸርኖቭ ብልህነት የታየው በሚቀጥለው ጥያቄ ነው፤ ብረቱ ከምን እንደ ተሠራ መጠየቁን ትቶ፣ በእሳት ውስጥ ምን እንዳለፈበት መጠየቅ ጀመረ። ምን ያህል ጋለ? መዶሻው ሲያቆም ምን ያህል ግለት ቀርቶበት ነበር? ከዚያስ ፈጥኖ ቀዘቀዘ ወይስ ቀስ ብሎ?

በጊዜው እንዲህ ያለውን ግለት በአስተማማኝ ሁኔታ የሚለካ መሣሪያ በፋብሪካ ውስጥ አልነበረም። ቸርኖቭ የተጠቀመው በዓይኑ ነው። የጋለ ብረት እየቀዘቀዘ ሲሄድ ቀለሙ ከብርማ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቀይ፣ ከዚያም ወደ ደብዛዛ ቀይ እየወረደ ይጠቁራል። ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ መጥቆሩን ገታ አድርጎ፣ ለአፍታ እንደ ገና ፈገግ ያለ ይመስል ይበራና ከዚያ በኋላ ይጨልማል። ይህ ከውጭ የመጣ ሙቀት አይደለም፤ ብረቱ በውስጡ ሲለወጥ ራሱ የሚያወጣው ነው። ብዙ ሰው ይህን አይቶ አልፎት ይሆናል። ቸርኖቭ ግን ብረቱ በጠጣርነቱ ሳለ፣ ሳይቀልጥና ቅርጹን ሳይለውጥ፣ የውስጥ አሠራሩን እንደሚለውጥ ተረዳ።

ከዚህም ሁለት ወሳኝ ነጥቦችን ለየ፤ በፊደል ኤ እና ቢ ብሎ ሰየማቸው። ዐረብ ብረት ከነጥብ ኤ በታች ጋሎ በውሃ ቢነከር፣ የፈለገውን ያህል ፈጥኖ ቢቀዘቅዝ አይጠነክርም። ይህ ነጥብ በዛሬው መለኪያ በ727 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ያለው መሆኑን እናውቃለን። ነጥብ ቢ ከዚያ ከፍ ይላል፤ እንደ ካርቦኑ መጠን ይለያያል፤ ለመካከለኛ ካርቦን ብረት በ800 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጎላ ያለ ቅንጣት ያለው ብረት እስከዚህ ድረስ ሲጋል አሮጌው ቅንጣት ፈርሶ አዲስ ደቃቅ ቅንጣት ይተካል። ከዚያ በላይ አብዝተው ሲያግሉትና ሲያቆዩት ግን ቅንጣቱ እንደ ገና ያድጋል፤ በዝግታም ከቀዘቀዘ እንደ ጎላ ይቀራል። የፈነዱት መድፎች ምስጢር ይኸው ነበር፤ መዶሻው ሥራውን የጨረሰው ብረቱ ገና እጅግ ግሎ ሳለ በመሆኑ፣ በዝግታ ሲቀዘቅዝ ቅንጣቱ አደገ።

ይህን በ1868 በኤፕሪልና በሜይ ወራት ለሩሲያ የቴክኒክ ማኅበር አባላት በንባብ አቀረበ። ዕድሜው ሃያ ዘጠኝ አልሞላም ነበር። የመዶሻ ክፍል መሐንዲስ ሆኖ የደረሰበት ዋና መደምደሚያ መዶሻውን ከክብሩ የሚያወርድ መሆኑ ያስደንቃል፤ ዐረብ ብረትን ደቃቅና ጠንካራ የሚያደርገው የመዶሻው ክብደት ነው የሚባለው እምነት ትክክል አይደለም፣ ምንም ሳይቀጠቀጥ በእሳቱ ልክ ብቻ ብረቱን ማደስ ይቻላል የሚል ነበር።

የሁሉ ነገር ጀማሪ እርሱ ነው የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ፤ ይህ ግን ከልክ ያለፈ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ክሊፍተን ሶርቢ ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀድሞ በሼፊልድ የተወለወለ ብረትን በማይክሮስኮፕ ይመረምር ነበር። የብረቱን ቀለም አይቶ የመንከሪያውን ሰዓት መለየትም በየአገሩ ያለ ቀጥቃጭ ከአባቱ የሚማረው ጥበብ ነው። በእኛም አገር ባለ እጆች የአሮጌ መኪና ባሌስትራን አግለው ማረሻ፣ መጥረቢያና ቢላዋ ሲያወጡለት የሚያደርጉት፣ ቸርኖቭ በነጥብ ኤ እና ቢ የገለጸውን ነው። ልዩነቱ ቀጥቃጩ የሚያውቀው መቼ እንደሚሠራ ሲሆን ቸርኖቭ ያሳየው ለምን እንደሚሠራ ነው፤ ለምን የሚለው ካልታወቀ ደግሞ ባልተለመደ ጉዳይ ላይ ፍርድ መስጠት አይቻልም።

የተቃጠለ ጋራዥ እንዲህ ያለ ያልተለመደ ጉዳይ ነው። እስቲ የቸርኖቭን ነጥቦች ይዘን ወደ ዐመዱ እንመለስ።

በመጀመሪያ ከመጠን በላይ የጋለ ብረትና የተቃጠለ ብረት አንድ አለመሆናቸውን ማወቅ ያሻል። በእውነት የተቃጠለ የሚባለው ብረት ወደ መቅለጫው ተጠግቶ፣ አየር በቅንጣቶቹ ድንበር መካከል ገብቶ ውስጡን ያዛገው ነው። እንዲህ ያለው በመዶሻ ሲመታ ይፈረካከሳል፤ ምንም ዐይነት ግለት አያድነውም፤ ቦታው ማቅለጫ እቶን ነው። ነገር ግን የሕንፃ እሳት ብዙውን ጊዜ ከ600 እስከ 1,100 ዲግሪ ድረስ ስለሆነ ወደዚህ ደረጃ የሚያደርሰው ብረት ጥቂት ነው። የሚበዛው ዕቃ ያልተቃጠለ፣ ጥንካሬውን ብቻ ያጣ ነው። መሮ ከተነከረ በኋላ ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይለዝባል፤ ሞረድ ከዚያ ባነሰ። እንግዲህ እሳቱ ከዚህ ልክ ካለፈ፣ ነጥብ ኤ ባይደርስም እንኳ፣ መሮው ለዝቦ ስለቱ ይታጠፋል። መዳኑ ግን ቀላል ነው፤ ከነጥቡ በላይ አግሎ መንከርና እንደ ገና ማለዘብ ነው። ለትራፓኖ የሚሆኑት ከፍ ያለ ጥራት ያላቸው መብሻዎች ደግሞ በ550 ዲግሪ አካባቢ የለዘቡ በመሆናቸው፣ መጠነኛ እሳትን ምንም ሳይሆኑ ሊያልፉት ይችላሉ።

የእሳቱ ልክ በእያንዳንዱ መደርደሪያ ምን ያህል እንደ ነበረ የሚነግረን ቸርኖቭ እንዳደረገው ዓይናችን ነው። በአቅራቢያው ያለው እርሳስ ከቀለጠ ቦታው 327 ዲግሪ አልፏል፤ ዚንክ ከሆነ 420፤ አሉሚኒየም ከሆነ 660፤ መዳብ ከቀለጠ ከ1,085 በላይ ደርሷል። ከሁሉ የሚያስደስተኝ ምስክር ግን የመዶሻው እጀታ ነው። በመዶሻው ቀዳዳ ውስጥ የቀረው እንጨት ከሰል ካልሆነ ራሱም ለጉዳት የሚያበቃ ሙቀት አላገኘውም ማለት ነው። በንጹሕ ብረት ላይ የሚታየው ቢጫ፣ ወይን ጠጅና ሰማያዊ ቀለም ጠቃሚ ምልክት ቢሆንም ጥላሸት ሊሸፍነው ስለሚችል ብቻውን አይታመንም። ሞረድ ደግሞ አይዋሽም፤ ቀድሞ ሞረድ ያንሸራትት የነበረ ስለት አሁን የሚፋቅ ከሆነ ለዝቧል።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ውሃ ሲረጩ፣ ከነጥብ ኤ በላይ ግሎ የነበረ ብረት ሳይታሰብ ይነከራል። እንዲህ ያለው መሣሪያ እንደ መስተዋት ጠንክሮ የማይታይ ስንጥቅ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ሳጥን የወጡ ሁለት መሮዎች አንደኛው እንደ ሰም ለዝቦ፣ ሁለተኛው በመጀመሪያው ምት ተፈናጥሮ ዓይን የሚያጠፋ ሆኖ ይገኛል። እሳት ያልነካው ዕቃም ቢሆን ደኅና ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም። የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ ሲነድ የሚወጣው ጭስ ከእርጥበት ጋር አሲድ ይሆንና በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ዝገት ያስነሣል። አጥቦ፣ አድርቆ፣ ዘይት መቀባት የመጀመሪያው ቀን ሥራ ነው።

ሞላ ከሁሉ ይበልጥ አታላይ ነው። ከእሳት የወጣን ሞላ በእጃችን ስንጫነው እንደ ቀድሞው ይገፋናል፤ ደኅና ነው ብለንም እናስቀምጠዋለን። ሞላ የሚገፋበት ኀይል የሚወሰነው በሽቦው ውፍረት፣ በጥቅሉ ስፋትና ብዛት፣ እንዲሁም በብረቱ የመለጠጥ ጠባይ ነው፤ ይህ ጠባይ ደግሞ ብረቱ ቢጠነክርም ቢለዝብም ከሞላ ጎደል አይለወጥም። የሚለወጠው ሞላው ሳይመለስ የሚቀርበት የጭነት ልክ ነው። ስለዚህ ጉዳቱ የሚታየው በሙሉ ጭነት ነው። ነጻ ቁመቱን ለክቶ፣ እስከ ሥራው ልክ ደጋግሞ ተጭኖ፣ እንደ ገና መለካት ይገባል፤ ካጠረ ሞላነቱ ጠፍቷል።

ባሌስትራና ወፍራም ጥቅል ሞላ ተነክረው ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ባለው ሙቀት የለዘቡ ስለሆኑ፣ ከዚያ በታች የነካቸው እሳት እምብዛም አይጎዳቸውም። ከዚያ በላይ ከጋሉ በብልኀተኛ እጅ እንደ ገና ቅስታቸው ሊታረም፣ በዘይት ሊነከሩና ሊለዝቡ ይችላሉ። ቀጭን ሞላ ግን ሌላ ነው። ብዙው ጥንካሬውን ያገኘው በቀዝቃዛነቱ ከጠባብ ቀዳዳ በኩል እየተሳበ በመቅጠኑ ስለሆነ፣ እሳት ያጠፋበትን እሳት አይመልስለትም። ዋጋውም ትንሽ ነው፤ መጣል ነው።

እዚህ ላይ የዚህ ጸሐፊ ፍርድ ግልጽ ይሁን። መዶሻ፣ መስፍ፣ ጉጠት፣ ተራ መሮ ተፈትሾና ታድሶ ወደ ሥራ ቢመለስ ተገቢ ነው። በፍሬን፣ በቦይለር የደኅንነት ቫልቭ፣ በጭነት ማንሻ ላይ የሚገባ ሞላ ግን እሳት ከነካው፣ መልኩ ምንም ያህል ቢያምር፣ መመለስ የለበትም። የብረቱ መዳን ስለማይቻል አይደለም፤ አንዱ ጥቅል 300፣ ሌላው ጥቅል 700 ዲግሪ አግኝቶት እንደሆነ የታሪኩ ምስክር ስለሌለ ነው። ማይክሮሜትርና የመሳሰለው የመለኪያ መሣሪያም እንዲሁ፤ ጥንካሬው ቢመለስ እንኳ ልኩ አይመለስም።

የቸርኖቭ ጽሑፍ በ1870ዎቹ ወደ እንግሊዝኛና ወደ ፈረንሳይኛ ተተረጐመ። በ1880ዎቹ አጋማሽ ሄንሪ ለ ሻተልዬ ከፍተኛ ሙቀት የሚለካ ቴርሞካፕል ሲያዘጋጅ፣ ፍሎሪስ ኦስሞንድ በዚሁ መሣሪያ የብረትን መቀዝቀዝ ተከታትሎ የቸርኖቭ ዓይን ያየውን አረጋገጠ። ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ ኤ1 እና ኤ3 ተብለው የሚገኙት መስመሮች መነሻቸው ይኸው ነው።

እርሱ ግን በዚያን ጊዜ ወደ ሌላ ጉዳይ አልፎ ነበር። በ1870ዎቹ መጨረሻ ቀልጦ የፈሰሰ ዐረብ ብረት እንዴት እንደሚረጋ መረመረ፤ ብረቱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እያወጣ እንደሚያድግ አሳየ። ከአንድ 100 ቶን ከሚመዝን ትልቅ የብረት ግንድ ባዶ ሆድ ውስጥ የተገኘውና 39 ሳንቲሜትር የሚረዝመው ክሪስታል እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በ1880 ከፋብሪካው አስተዳደር ጋር ባለመስማማቱ ኦቡኾቭን ለቅቆ ወደ ደቡብ ሄደ፤ በባክሙት አውራጃም የድንጋይ ጨው ክምችት ፈልጎ አገኘ። መድፍ ያዳነ መሐንዲስ ጨው ፍለጋ መሄዱ ለፋብሪካው የሚያስመሰግን አይመስለኝም። በ1884 ወደ ዋና ከተማው ተመለሰ፤ ከ1889 ጀምሮ በሚኻይሎቭስካያ የመድፈኛ አካዳሚ የብረት ሥራ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1900 በፓሪስ በተደረገው የዓለም ትርዒት ላይ የፈረንሳይ የብረት ሰዎች ውለታውን በአደባባይ መሰከሩለት።

በ1912 ያወጣው ጥናት ከርዕሳችን ጋር ይዛመዳል። የመድፍ አፈ ሙዝ ውስጡ ለምን እንደሚበላ ሲመረምር፣ የባሩዱ ጋዝ ስሱን የላይኛውን ሽፋን ብቻ በድንገት እንደሚያግለው፣ ከሥሩ ያለው ቀዝቃዛ ብረት ደግሞ ወዲያው እንደሚያበርደው፣ በዚህም መደጋገም ሽፋኑ መረብ በመሰለ ስንጥቅ እንደሚሞላ ገለጸ። ውስጡ ደኅና የሆነ ብረት በቆዳው ሊሞት ይችላል ማለት ነው። ሞላም እንዲሁ ነው። በእሳት ውስጥ የቆየ ሞላ ከላዩ ካርቦኑን ያጣል፤ ያ ስስ ሽፋን እንደ ገና ቢነከርም በሚገባ አይጠነክርም። የሞላ ስብራት ደግሞ የሚጀምረው ከቆዳው ነው። ስለዚህ የታደሰ ባሌስትራ ወደ መኪና ከመመለሱ በፊት ላዩ ተፍቆ መውጣት አለበት፤ ይህን ሳያደርጉ ቀለም ቀብቶ መሸጥ ስብራቱን ለገበያ ማቅረብ ነው።

ቸርኖቭ በትርፍ ሰዓቱ ቫዮሊን ይሠራ ነበር። የእንጨቱን ውፍረትና ድምፅ በብረቱ ባደረገው ዐይነት ትዕግሥት ይመረምር እንደ ነበርና መሣሪያዎቹም በባለሙያዎች ፊት ተጫውተው እንደ ተፈተኑ ይነገራል። ስለ በረራም ያጠና ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ፣ አብዮቱና የእርስ በርስ ጦርነቱ አገሪቱን በሚያናውጡበት ጊዜ፣ በጥቁር ባሕር ዳር በምትገኘው በያልታ ተቀመጠ። በጃንዋሪ 2 ቀን 1921፣ በሰማንያ አንድ ዓመቱ፣ በዚያው አረፈ።